ሳጥን ስለበዛ ተጫዋች ከመንገድ አይወጣም

ጥያቄ፦ «ሦስት ሆነን ኦፕን ዎርልድ አርፒጂ ጌም (ተጫዋቹ ሰፊ ዓለም ውስጥ በነጻነት እየዞረ ገጸ ባሕሪውን የሚያሳድግበት) እየሠራን ነው። ካርታው 2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ 150 የሚጠጉ የሽልማት ሳጥኖች በየቦታው በትነናል፤ ሁሉም ሚኒማፑ (ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ትንሽ ካርታ) ላይ ይታያሉ። ጠላቶችም ሽልማቶችም ከተጫዋቹ ሌቭል ጋር አብረው ያድጋሉ። ይሁንና ጌሙን የሞከሩልን ሰዎች ከአንዱ የተልዕኮ ምልክት ወደ ሌላው በቀጥታ ይሮጣሉ እንጂ ዞር ብለው አያዩም። ሳጥኖቹን እየዞሩ የከፈቱት ጥቂቶች ደግሞ ‹ሰለቸን› አሉ። ካርታውን እናስፋው ወይስ ሽልማቱን እናሳድገው?»

ሁለቱንም አታድርጉ። ካርታውን ብታሰፉት ያለው ባዶነት ይለጠጣል፤ ሽልማቱን ብታሳድጉት የጌሙ ሚዛን ይፈርሳል እንጂ ተጫዋቹ ከመንገድ አይወጣም። ችግሩ ያለው ከሳጥኑ በፊት ነው። አሰሳ የሚጀምረው ተጫዋቹ አንድ ነገር ከሩቅ አይቶ «ያ ምንድን ነው? በየት በኩል እደርስበታለሁ?» ሲል ነው። የእናንተ ሚኒማፕ ግን ጥያቄው ሳይነሳ መልሱን ይዘረግፋል፦ ሳጥን ነው፣ 80 ሜትር ይርቃል፣ በስተግራ ነው። ከዚያ ወዲያ ለተጫዋቹ የተረፈው የእግር ሥራ ብቻ ነው። «ሰለቸን» ያሏችሁ ሰዎች ሲያስሱ አልነበረም፤ የተሰጣቸውን ዝርዝር እየሰረዙ ነበር።

ልዩነቱን በአንድ ጌም ውስጥ ማየት ይቻላል። በ2015 በወጣው ዘ ዊቸር 3 ስኬሊገ የተባሉት ደሴቶች ዙሪያ ያለው ባሕር በጥያቄ ምልክት የተሞላ ነው። አብዛኞቹ ኮንትሮባንዲስቶች የጣሏቸው ዕቃዎች ናቸው፦ በጀልባ ትሄዳላችሁ፣ ሳይረን የተባሉትን በአየር የሚያንዣብቡ ጭራቆች ታባርራላችሁ፣ ትጠልቃላችሁ፣ ተራ ዕቃ ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ምልክት። በተጫዋቾች ዘንድ ስሙ የጠፋ የጌሙ ክፍል ይህ ነው። በዚያው ጌም የዊቸር ትጥቆችን ንድፍ መፈለግ ግን ሰዎች በፍቅር ያስታውሱታል። እዚያ የሞተ ሰው ማስታወሻ ይነበባል፣ ፍርስራሽ ይፈተሻል፣ የተገኘው ንድፍ ደግሞ ወደ አንጥረኛ ተወስዶ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል፣ እየቆየም የሚሻሻል ልብስና ሰይፍ ይሆናል። ጌሙ አንድ፣ የሠሩት ሰዎች አንድ፤ የተለየው ተጫዋቹ በመንገዱ ላይ የሚያስበው ነገር መኖር አለመኖሩ ነው።

ስፋቱን በቁጥር እንየው። ገጸ ባሕርያችሁ በሴኮንድ 5 ሜትር ቢሮጥ ካርታውን ከዳር እስከ ዳር በ400 ሴኮንድ፣ ማለትም በ7 ደቂቃ ገደማ ያቋርጠዋል። ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። ዓይን የሚይዝ ነገር በየ50 ሴኮንዱ ሩጫ ይኑር ብትሉ ርቀቱ 250 ሜትር ነው፤ ካርታውን በዚህ መጠን ስትሸነሽኑት 8 በ8፣ 64 ቦታ ይወጣዋል። ሦስት ሰዎች 64 የማይመሳሰሉ ቦታዎችን አጠናቅቀው ማውጣት ከቻሉ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ከዚህ በላይ መሄድ ኮምፒውተሩ ራሱ ቦታ እንዲፈጥር ማድረግን ይጠይቃል፤ የዚያ ውጤት ደግሞ የታወቀ ነው። በ1996 የወጣው ዳገርፎል ግዙፍ ምድር ነበረው፤ ተጫዋቹ ግን ከከተማ ወደ ከተማ በፋስት ትራቭል (ካርታ ላይ ቦታ መርጦ በቅጽበት በመድረስ) ይዘላል፣ መሐሉ ላይ የሚታይ ነገር የለማ። በ2023 የወጣው ስታርፊልድም ከ1,000 በላይ ፕላኔቶች ይዞ መጥቶ ሰዎች ያማረሩት አንዱን የተተወ ጣቢያ በሌላ ፕላኔት ላይ ከነዕቃ አቀማመጡ እንደገና ስላገኙት ነው።

አሁን ዋናው ሥራ፣ እይታ። በ2017 በጃፓን በተካሄደው ሲዴክ የተባለ የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ የኒንቴንዶ ባለሙያዎች ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ የተባለውን ጌም መልክዓ ምድር በሦስት ማዕዘን እንደቀረጹት አስረድተዋል። ትልቁ ሦስት ማዕዘን፣ ተራራ በሉት፣ ከየትም ሲታይ አቅጣጫ ያስይዛል። መካከለኛው፣ ኮረብታ ወይም ገደል፣ ከኋላው ያለውን ይጋርዳል። ትንሹ፣ ቋጥኝና የመሳሰለው፣ የእርምጃውን ምት ይለዋውጣል። ትልቁን ቁም ነገር የያዘው መካከለኛው ነው፦ ሦስት ማዕዘን የሆነ ነገር ፊት ለፊት ሲገጥም ተጫዋቹ ልውጣው ወይስ ልዙረው ብሎ ይመርጣል፤ በሁለቱም መንገድ ቀስ በቀስ ከጀርባው ያለው ይገለጥለታል። ግማሹ የተጋረደ ግንብ ሙሉ በሙሉ ከሚታየው ይልቅ ይጠራል፤ ጨርሶ የማይታየው ደግሞ ለተጫዋቹ የለም ማለት ነው። የእናንተ 150 ሳጥኖች ምናልባት ጨርሶ ከማይታዩት ናቸው፤ ስለዚህ ነው በሚኒማፕ ማስታወቂያ ልትሠሩላቸው የተገደዳችሁት።

እንዲህ ሥሩት። ካርታውን የምትሠሩበትን ኤዲተር ከላይ ወደ ታች በሚያሳይ እይታ አትጠቀሙ፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው፣ ተጫዋቹ ግን ከላይ አያይም። ካሜራውን በገጸ ባሕሪው ቁመት አድርጋችሁ ዋናውን መንገድ ሂዱ፤ መንገዱ በታጠፈበትና አቀበቱ ባበቃበት ሁሉ ቁሙ። በእያንዳንዱ መቆሚያ ላይ ቢያንስ አንድ ሩቅ ምልክት እና አንድ በከፊል የተጋረደ ቅርብ ነገር መታየት አለበት። ካልታየ መንገዱን አጥፉት፣ ዛፎቹን አሳሱ ወይም ኮረብታውን ዝቅ አድርጉት፤ አዲስ ሕንፃ መጨመር የመጨረሻው አማራጭ ነው። እዚህ ላይ በብዛት የሚያበላሸው ቴክኒካዊ ነገር ነው፦ ኤንጂኑ (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) ለፍጥነት ሲል ሩቅ ዕቃዎችን ስለሚሰርዝ፣ ኤዲተር ውስጥ ከ800 ሜትር የሚታየው ግንብ ጌሙ ሲከፈት 300 ሜትር ላይ ብቅ ይላል። ለምልክትነት የምትጠቀሙባቸውን 10 ወይም 12 ሕንፃዎች ከዚህ ሕግ ነጻ አውጡና ለሩቅ እይታ የሚሆን ቀለል ያለ ሞዴል ስጧቸው። ጭጋግም ይፈተሽ፤ ለውበት የተጨመረ ጭጋግ ግማሹን ካርታ ሊውጥ ይችላል። ለሌሊት ደግሞ እሳት፣ ጭስ፣ የመስኮት ብርሃን አኑሩ።

ተጫዋቹ አይቶ ሄደ እንበል። አሁን የእናንተ ታማኝነት ይፈተናል። የሚታየው ነገር ሁሉ ሊደረስበት ይገባል፤ የማይደረስበት ከሆነም ከሩቁ ያስታውቅ። ሁለት ጊዜ ለፍቶ ባዶ ክፍል የገጠመው ሰው ሦስተኛውን አይሞክርም፤ የሚያሳዝነው፣ ሦስተኛው ምርጥ ሥራችሁ ሊሆን መቻሉ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ለብቻ ቅረጿቸው። ከመንገዱ የሚታዩ፣ ደርሶ ለመመለስ ከ2 ደቂቃ የማይበልጡ ሦስት የጎን ቦታዎች አኑሩ፤ ሦስቱም የሚረባ ነገር ይስጡ፤ የሚሰጡትም የተለያየ ይሁን፦ አንዱ መሣሪያ፣ አንዱ አቋራጭ መንገድ፣ አንዱ ስለሚቀጥለው ጠላት ድክመት የሚናገር ማስታወሻ። ተጫዋቹ «እዚህ ጌም ውስጥ መዞር ያዋጣል» የሚለውን የሚወስነው እዚያ ላይ ነው። ካመነ በኋላ አንድ ጊዜ ብታታልሉት ይወድላችኋል። ኤልደን ሪንግ በተባለው ጌም መጀመሪያ አካባቢ፣ በድራገን በርንት ፍርስራሽ ሥር ያለውን ሳጥን የከፈተ ሰው በጭስ ተይዞ ኬሊድ በተባለው አስፈሪ ክልል የማዕድን ዋሻ ውስጥ ይነቃል፤ ከዋሻው እስኪወጣም በፋስት ትራቭል ማምለጥ አይችልም። ቅጣት ይመስላል፤ ነገር ግን ሌላ ሰማይ ያለው ምድር ቀድሞ አሳየው። በዚያ ጌም እንዲህ ያለው ወጥመድ በየሳጥኑ ቢኖር ሳጥን የሚከፍት አይኖርም ነበር።

ወደ ሽልማቱ ስንመጣ የሚሳሳቱት ብዙዎች ናቸው። የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚወሰነው በሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን በመንደሩ ሱቅ ነው። ተጫዋቹ አንድ ሽፍታ ገድሎ ሰይፉን ሸጦ አምስት የጤና መድኃኒት የሚገዛ ከሆነ፣ ገደል ወጥቶ ያገኘው አንድ ጠርሙስ ስድብ ነው። ሳጥኑን ከማሳደግ ይልቅ ሱቁን አደህዩት፦ የተዘረፈ መሣሪያ መሸጫ ዋጋ ይውረድ፣ ምርጥ ዕቃ በገንዘብ አይገኝ፣ መድኃኒት በቁጥር ይገደብ። ከዚያ ዝም ብለው የቆዩት ሳጥኖች በአንድ ጊዜ ክብር ያገኛሉ።

ቋሚ ለውጥ የሚያመጣ ነገር ቶሎ ከሚያልቅ ነገር ይበልጣል። ኤልደን ሪንግ ውስጥ ወርቃማው ዘር የመድኃኒት ፍላስኩን ቁጥር ይጨምራል፤ ተጫዋቹ ጌሙ እስኪያልቅ ጥቅሙን ያየዋል። ስካይሪም ውስጥ የቃል ግድግዳ የአስማት ጩኸት ቃል ያስተምራል። ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ በ120 መቅደሶቹ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፦ የአራት መቅደስ ፍሬ አንድ የልብ ወይም የጉልበት ጭማሪ ይገዛል። በዚያው ጌም መሣሪያ የሚሰበረው ደግሞ ለአሥረኛ ጊዜ የተገኘ ሰይፍ እንኳ እንዲፈለግ ነው፤ ሆኖም ይህንን አትቅዱ። ብዙ ተጫዋቾች እስከ ዛሬ የሚነታረኩበት ነገር ነው፣ የትግል ሥርዓታችሁም በእሱ ላይ ካልተገነባ ያናድዳል እንጂ ለአሰሳ አይገፋፋም። ከ64 ቦታዎቻችሁ 12ቱ ልዩ መሣሪያ ወይም ችሎታ ይስጡ፣ ወደ 25 የሚሆኑት ለማሻሻያ የሚሆን ቁሳቁስ፣ ቀሪዎቹ ሳጥን አያስፈልጋቸውም፤ ታሪክ፣ አቋራጭ፣ ወይም ከዚያ ሆኖ ሌሎች ሁለት ቦታዎችን የሚያሳይ ጥሩ መቆሚያ ይበቃቸዋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተታችሁ ግን ሁሉም ነገር ከተጫዋቹ ጋር አብሮ ማደጉ ነው። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ውጤቱ ቦታን ከቦታ የሚለየውን ነገር ማጥፋት ነው። በ2006 የወጣው ኦብሊቪየን የዚህ መማሪያ ሆኖ ይኖራል። ተጫዋቹ ከፍተኛ ሌቭል ሲደርስ መንገድ ላይ የሚያስቆሙት ተራ ሽፍቶች በዓለሙ ውድ ከሆኑት አንዱን፣ የመስታወት ትጥቅ ለብሰው ብቅ ይላሉ፤ የሚጠይቁት ደግሞ 100 ወርቅ ነው፣ የለበሱት ጫማ ብቻ ተሽጦ ከዚያ በላይ ሲያወጣ። የባሰው ጉዳት ሽልማቱ ላይ ነው። ልዩ ዕቃዎች አቅማቸው የሚወሰነው ተጫዋቹ ባገኛቸው ጊዜ በነበረበት ሌቭል ስለሆነ፣ ቺልሬንድ የተባለውን ሰይፍ ቀድሞ ያገኘ ሰው ደካማውን ይዞ ይቀራል። ስካይሪምም ይህንኑ ሰይፍ በዚያው አሠራር አስቀምጦታል። ቀድሞ ማሰስ የሚያስቀጣ ሕግ ማለት ይህ ነው፤ ነገሩን የሚያውቁ ተጫዋቾች ሆን ብለው ሽልማቱን ለኋላ ያቆዩታል።

መፍትሔው ደረጃን በክልል ማሰር ነው። ሞሮዊንድ (2002) እና ጎቲክ (2001) አብዛኛውን በእጅ አስቀምጠውታል፦ ጠንካራው ጠላት ያለበት ቦታ ይታወቃል፣ እሱ የሚጠብቀውም ዕቃ ከእሱ ጋር ይመጣጠናል፣ ሾልኮ የሚሰርቅ ጎበዝ ደግሞ በሦስተኛው ሌቭል ሊወስደው ይችላል። ፎልአውት ኒው ቬጋስ (2010) ጀማሪውን ጉድስፕሪንግስ ላይ ያስቀምጠውና የቬጋስን ግንብ ከሩቅ ያሳየዋል። አጭሩ የሰሜን መንገድ ካዛዶርና ዴዝክሎው በተባሉ ገዳይ አውሬዎች የተያዘ ነው፤ ታሪኩ በደቡብ ዙሮ ይሄዳል። ሰሜኑ ግን አልተዘጋም፤ ማለፍ የቻለ ሰው አልፎ ቬጋስ ይገባል፣ ዕድሜውንም ሙሉ ያወራዋል። ለእናንተ አራት ክልል ይበቃል፦ ከ1 እስከ 5፣ ከ4 እስከ 9፣ ከ8 እስከ 14፣ ከ13 እስከ 20 ሌቭል። ጠርዞቹ መደራረባቸው ሆን ተብሎ ነው፤ ካልተደራረቡ ድንበሩ ግድግዳ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ መተው ካስፈራችሁ ስካይሪም ያደረገውን መካከለኛ አሠራር ውሰዱ፦ እያንዳንዱ ቦታ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አለው፣ ተጫዋቹ መጀመሪያ በገባበት ጊዜ ደረጃው ይቆለፋል። ፈርቶ የሸሸበትን ዋሻ በርትቶ ሲመለስ እዚያው ያገኘዋል።

ቋሚ አደጋ ግን ከሩቅ መነበብ አለበት፣ አለበለዚያ ተጫዋቹ ጌሙ ተበላሽቷል ይላል። የተቃጠለ ጋሪ፣ አጥንት፣ ትልቁ አውሬ ትንሹን ሲገድል የሚታይበት አጋጣሚ ከማንኛውም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይበልጣል። ጠላቱ ከሰፈሩ ከ60 ሜትር በላይ አያሳድድ። የሞተ ተጫዋች ወደነበረበት ለመመለስ ከ2 ደቂቃ በላይ የሚፈጅበት ከሆነ ድፍረቱን ትገድሉታላችሁ፤ መነሻ ነጥቦቹን አቅርቡለት።

ምልክቶቹን ስታጠፉ ደግሞ አትቸኩሉ። የተልዕኮ ቀስት ተነቅሎ ንግግሩ እንዳለ ከቀረ፣ ተጫዋቹ «ዋሻው ውስጥ ያለውን ቀለበት አምጣልኝ» ከሚል ሰው ፊት ቆሞ የቱ ዋሻ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስካይሪምን ያለ ምልክት ለመጫወት የሞከሩ ሰዎች የሚሰናከሉት በዚህ ነው፤ ንግግሩ የተጻፈው ቀስቱ እንዳለ ታስቦ ነው። ጥሩ አቅጣጫ አራት ነገር አለው፦ መነሻ፣ በመንገድ የሚታይ ምልክት፣ መታጠፊያ፣ እና ማለፍን የሚያስታውቅ ነገር። «ከወፍጮው ተነሥተህ ወንዙን በስተግራ ይዘህ ውጣ። ሁለተኛው ድልድይ ጋ ስትደርስ ሳትሻገር ወደ ቀኝ ታጠፍ፤ የተሰነጠቀው ቋጥኝ ጀርባ ነው። የፈረሰው ግንብ ጋ ከደረስክ አልፈኸዋል።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙዎች ይረሷታል፣ ተጫዋቹን ግማሽ ሰዓት ከመንከራተት የምታድነው ግን እሷ ናት። ጽሑፉን ካርታውን ለማያውቅ ሰው ሰጥታችሁ ፈትሹ፤ በሞሮዊንድ አንዳንድ አቅጣጫዎች ስህተት ሆነው ታትመዋል፣ ተጫዋቾችም እስከ ዛሬ ያነሱባቸዋል። የማየት ወይም የማስታወስ ችግር ላለበት ሰው ቀስቱን በሴቲንግ ውስጥ ተዉለት፤ ሲጀመር ግን ጠፍቶ ይገኝ።

ፋስት ትራቭል ይኑር፣ ግን ከየትም ወደ የትም አይሁን። በእግር ከተደረሰባቸው አምስት ወይም ስድስት ጣቢያዎች መካከል ብቻ ቢሠራ የመጨረሻው 500 ሜትር ሁልጊዜ በእግር ይሆናል፤ አዲስ ነገር የሚታየውም በዚያ ላይ ነው።

ታሪካችሁንም እዩት። ዋናው ተልዕኮ «እህትህ ነገ ትገደላለች» የሚል ከሆነ ተጫዋቹ ለሰበብ ያህል እንኳ ዞር አይልም፤ ከዞረም ታሪኩን ውሸት ያደርገዋል። ሞሮዊንድ ይህንን በአንድ ንግግር ፈትቶታል፦ ለተጫዋቹ ትእዛዝ የሚሰጠው ካየስ ኮሳደስ ገና በመጀመሪያው ላይ ‹ልምድ የለህም፣ ወጣ ብለህ ሥራ ፈልግ፣ ማኅበር ተቀላቀል፣ ከዚያ ተመለስ› ዓይነት ምክር ይሰጠዋል። ጥድፊያውን ወደ መጨረሻው ሦስተኛ ክፍል አሸጋግሩት።

መቶኛ አታሳዩ። ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ በየቦታው የተደበቁ፣ የኮሮክ ዘር የተባሉ 900 ዕቃዎች አሉት፣ ዕቃ መያዣውን ሙሉ ለሙሉ ለማስፋት ግን 441 ይበቃሉ፤ የተረፉት ተጫዋቹ በየትም ቢሄድ እንዲያጋጥሙት እንጂ እንዲጨረሱ አልተቀመጡም። ሁሉንም ለሰበሰበ ሰው የሚሰጠው ሽልማት ራሱ ቀልድ ነው። ካርታው ላይ መቶኛ የሚታየውም የመጨረሻው ጠላት ከተሸነፈ በኋላ ነው። ቁጥሩ ቀድሞ ቢታይ ያው ዘር የቤት ሥራ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ካርታውን ባለበት አቁሙት፣ 150ውን ሳጥን ወደ 40 አውርዱ፣ ሚኒማፑን አንሡ፣ ደረጃውን በክልል እሰሩ፣ ሱቁን አደህዩ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ሳይሆን እይታውን አስቀድማችሁ። መጀመሪያ ከ64ቱ ውስጥ በመነሻው ዙሪያ ያሉትን 9 ቦታዎች ብቻ ጨርሱና ሞክሩ። ስድስት ጌሙን የማያውቁ ሰዎች፣ ለእያንዳንዳቸው 30 ደቂቃ፣ «ዞር በሉ» ሳትሏቸው፤ እንዲያስስ የታዘዘ ሰው ለእናንተ ብሎ ያስሳል። ያሉበትን ቦታ በየ2 ሴኮንዱ መዝግባችሁ በካርታው ላይ ሳሉት፤ መጨረሻ ላይ «ወደድከው?» ብላችሁ ሳይሆን «ለመሄድ ፈልገህ ያልሄድክበት ቦታ አለ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። አይተው ካልሄዱ መንገዱ ወይም አደጋው አልተነበበም። ሄደው በ10 ሴኮንድ ውስጥ ከተመለሱ ቦታው ሳጥን ብቻ ነው። ካላዩት ወደ ካሜራውና ወደ ዛፎቹ ተመለሱ። ከስድስቱ አንድ ወይም ሁለቱ ሁሉም ነገር ተስተካክሎም መንገዱን ይዘው ይሮጣሉ፤ እነሱ ታሪክ ፈልገው የመጡ ናቸው፣ ተዉአቸው።